ስለ ምድጃ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ «አይሆንም»

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ሹም ተሽሮ ሹም ሲተካ ስለሆነ፣ ነገሩ ስለ ሰው እንጂ ስለ ጉልቻ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ስለ ራሱ ስለ ጉልቻው እንዳስብ የሚያስገድድ ነገር ገጠመኝ። ከምድጃ ተነሥቼ የደረስሁበት ጥያቄ ደግሞ የምድጃ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሰው ለሌላው ሰው አስቦ አንድ ነገር ሲሠራ፣ የሠራው ነገር ልክ አለመሆኑን እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ያለማወቁስ ጥፋት የማን ነው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። እኔ የፍልስፍና ተማሪ ነኝ። ብየዳ አላውቅም፤ ሚስማር መምታት እንኳ በቅጡ አይሆንልኝም። የምሕንድስና ተማሪዎች የሆኑ ሦስት ጓደኞቼ ግን ለአንድ ትምህርታቸው፣ ለሰው የሚጠቅም ዕቃ አስበው፣ ነድፈው፣ ሠርተው፣ በተጠቃሚ እጅ አስፈትነው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ከተጠቃሚው ጋር ቁጭ ብሎ የሚያወራና የተወራውን የሚጽፍ ሰው ፈለጉና እኔን ጠሩኝ። «አንተ ወሬ ትችላለህ» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

የመረጥነው ዕቃ የእንጀራ ምድጃ ነበር። ምርጫው የሚያስቅ እንዳይመስላችሁ። ዛሬም አብዛኛው የኢትዮጵያ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደግሞ እንጨት የሚፈጀው እንጀራ ነው፤ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሸክላ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል መጋል አለበትና። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ እሳቱ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ምጣዱን ከሚያሞቀው ይልቅ ግድግዳውንና የጋጋሪዋን ጉልበት የሚያሞቀው ይበልጣል። በዚህ ነገር ላይ የሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ አይደለንም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በክፍል በክፍል ተሠርቶ የሚገጣጠም፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ከኋላ በሚወጣው ሙቀት ድስት የሚያስጥድ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደርም እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት እንደሚቆጥብ በሙከራ ታይቷል። እኛ ከዚያ ላይ ተነሥተን አንድ እርምጃ እንጨምራለን ብለን ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ በንድፍ ወረቀት ተሸፈነ። ክቡ አለ፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ አለ፤ ተጣጥፎ አልጋ ሥር የሚገባው አለ። ከሁሉም መካከል ልባችንን የሰረቀው አንዱ ነበር፤ እግር ያለው፣ ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በላሜራ የተሸፈነ፣ ማገዶ መክተቻው ጠባብና ባለ መዝጊያ፣ ከበስተኋላው ጭስ መውጫ ቱቦ የተተከለለት ምድጃ። ንድፉን ያወጣው ጓደኛችን ወረቀቱን ዘርግቶ «የኢትዮጵያ ሴት ጎንበስ ብላ መጋገር ይብቃት፤ ቆማ ትጋግር!» ሲል ሁላችንም አጨበጨብን። ነገሩ ምድጃ ብቻ አልመስል አለን። የሰው ክብር መሰለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ ያደግሁት እናቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሊጡን በቀኝ፣ ሰፌዱን በግራ አድርጋ ስትጋግር እያየሁ ነው። ያን ንድፍ ባየሁ ጊዜ በሆዴ «እንዴ! ቆማ እንዴት ታደርገዋለች?» ብያለሁ። በአፌ ግን አልወጣም። ልጁ ሦስት ሌሊት አልተኛም፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣሁ የወሬ ሰው ነኝ። ምን ቤት ነኝና! «ግሩም ነው» አልሁት። ይህችን «ግሩም ነው» አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በከተማው ዳርቻ በሚገኝ አንድ ሰፈር እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴትዮ አግኝተን ነበር። ስማቸውን አልጽፍም፤ እዚህ እትዬ እያልሁ እጠራቸዋለሁ። ምድጃውን አራት ሆነን ተሸክመን ወሰድንላቸው። ጋገሩበት። እኛም ፎቶ አነሣን። ደብተሬን ከፍቼ «እትዬ፣ እንዴት አገኙት?» ስላቸው «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጣችሁ፣ ልጆቼ፤ ትምህርታችሁን ይባርክላችሁ» አሉን። ቡና አፍልተው አጠጡን። የጋገሩትን እንጀራ ጠቅልለው አስያዙን። ስንመለስ በታክሲ ውስጥ እንዘፍን ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተረሳ መለኪያ ልንወስድ ሳንነግራቸው ሄድን። ጓሮውን ስናይ እትዬ በአሮጌዎቹ ሦስት ጉልቻዎች ላይ ይጋግራሉ። ምድጃችን ጥግ ላይ ቆሟል። በላዩ የሊጥ ባልዲ ተደርድሮበታል፤ በጠባቧ የማገዶ በር ውስጥ ደግሞ አንዲት ዶሮ ታቅፋለች። ሴትዮዋ ከእኛ ይልቅ ደነገጡ። ተነሥተው ባልዲዎቹን እያወረዱ «ዛሬ ብቻ ነው፣ ዛሬ እንጨቱ ረጥቦብኝ ነው» አሉ። የረጠበ እንጨት ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ያፈርሁትን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያፈርሁት ምድጃው ስለ ወደቀ አይደለም። በእኛ ምክንያት እኒያ ትልቅ ሰው በገዛ ጓሯቸው እንደ ጥፋተኛ ሲርበተበቱ ስላየሁ ነው።

ለመሆኑ እትዬ ዋሽተውናል ወይ? ጓደኞቼ በዚያ ምሽት «ዋሽተውናል» አሉ። «ያን ዕለት እውነቱን ቢነግሩን ኖሮ ሦስት ሳምንት አናባክንም ነበር!» እኔም መጀመሪያ የሚመለስ ነገር አጣሁ። እያደር ሳስበው ግን ነገሩ የተገለበጠ መሆኑ ታየኝ።

እስቲ ራሳችሁን በእሳቸው ቦታ አስቀምጡ። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀርባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙትን፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተጠናቀቀ ነገር ቤታችሁ አምጥተው፣ ካሜራ ደግነው፣ ደብተር ዘርግተው «እንዴት ነው?» ይሏችኋል። «አይረባም» የሚል ማን ነው? እንግዳን፣ ያውም የሰው ልጅን፣ በደጃፉ የሚያሳፍር ባላገር አይደለም። ይሉኝታ የምንለው ነገር ይህ ነው። እኛ ወጣቶች ይሉኝታን እንደ ድክመት፣ እንደ ኋላ ቀርነት መቁጠር እንወዳለን። እኔ ግን በይሉኝታ ውስጥ አንድ የከበረ ነገር አያለሁ፤ የሌላውን ልፋት ማክበር ነው። እትዬ ለምድጃው ሳይሆን ለድካማችን መልስ ሰጡ። የጠየቅነው ስለ ላሜራ ነበር፤ የመለሱልን ስለ እኛ ነው። ቃላቸው እውነት ነበር፤ የሰማነው ግን ሌላ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? እንደኔ ከሆነ የጠያቂው ነው። «አይሆንም» የሚለው ቃል ዋጋ አለው፤ የሚናገረውን ሰው ያስከፍለዋል። ያን ዋጋ የሚያረክሰውም የሚያስወድደውም ጉልበቱ ያለው ወገን ነው። በዚያ ጓሮ ውስጥ ጉልበቱ የነበረው ደግሞ በእኛ እጅ ነው፤ መታወቂያው፣ ካሜራው፣ የተማረ ሰው አንደበት። ዕድሜው የእሳቸው ነበር፤ አፉ ግን የእኛ። ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ፣ የሰውን ልጅ ምንጊዜም እንደ ራሱ ግብ እንጂ እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገህ አትያዘው ይላል። በክፍል ውስጥ ይህን ስማር እንዲህ ያለው ኃጢአት የባሪያ ፈንጋይና የጨካኝ ከበርቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኛም ግን እትዬን ለሪፖርታችን አንድ ሣጥን መሙያ አድርገናቸው ኖሯል፤ «የተጠቃሚ አስተያየት» ለሚለው ሣጥን።

በሁለተኛው ዙር ሌላ ዘዴ ያዝን። በመጀመሪያ አንድ ምድጃ ሳይሆን ሁለት ሠራን። አንድ ነገር ብቻ ለሰው ስታቀርብ ጥያቄህ «ትወደኛለህ ወይ?» ነው። ሁለት ስታቀርብ ግን ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ይሆናል፤ አንዱን መንቀፍ ሌላውን ማመስገን ስለሆነ አያስነውርም። ሁለተኛ፣ ሆን ብለን መናኛ አድርገን ሠራናቸው። አንዱ ጭድ ከገባበት ጭቃ ነው፤ ሌላው ከተሰባበረ ጡብ። ሦስተኛ፣ የሚፈጀውን እንጨትና የሊጡን ዋጋ እኛ ቻልን፤ የእትዬ ቀን በከንቱ እንዳይጠፋ። አራተኛ፣ «እንዴት ነው?» ብለን መጠየቁን ትተን ዝም ብለን አየን።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ እትዬ ቢላዋ አንሥተው የጭቃውን ምድጃ አፍ ቦርቡረው አሰፉት! ንድፍ አውጪው ጓደኛችን ሊጮህ ቃጣው፤ ክንዱን ያዝሁት። «ይቺ የጭራሮና የቅጠል ምድጃ ናት» አሉ። «እኔ የተፈለጠ እንጨት ከየት አመጣለሁ? ቅጠል ደግሞ በእፍኝ ካልገባ ነበልባሉ ዳር አይደርስም፤ ምጣዱ ዳሩ ከቀዘቀዘ እንጀራው ይይዛል።» ላሜራውን ማን ደፍሮ ይቆርጠዋል? ጭቃን ግን ቢላዋ የያዘ ሁሉ ይቆርጠዋል። ያልተጨረሰ ነገር ለሰው መስጠት፣ የማረም ሥልጣን አብሮ መስጠት ነው። እኛ ግን ያለቀለትን ነገር ማቅረብ አክብሮት መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ አፋቸው ተፈታ። ስለ ላሜራው «ልጅ ያቃጥላል፤ የልጅ ልጄ እጁን አሳርፎበት አልቅሷል» አሉን። በመጨረሻም ስለዚያ ስለምንኮራበት ስለ ቁመቱ ነገሩን። «ቁጭ ብዬ ስጋግር እሳቱም፣ ምጣዱም፣ ሊጡም እጄ ሥር ናቸው። ስቆም ግን እሳቱን ለማየት ባነሡት ቁጥር መጎንበስ ነው። ለአንድ እንጀራ አንድ ጊዜ ብጎነበስ እንኳ ቁጠሩት። ሙቀቱ ደግሞ ደረቴን መታኝ። እኔ እኮ ከንጋት ጀምሮ የምቀመጠው ለዚህ ሥራ ብቻ ነው፤ መቀመጫዬን ነው የነሣችሁኝ» አሉና ሳቁ። እኛ ክብር ብለን የሰጠናቸው ነገር ዕረፍታቸውን የወሰደባቸው ነበር።

ያችን የ«ግሩም ነው» ነገር አስታውሱልኝ ብዬ ነበር። እትዬ ዝም ያሉ ሁለተኛዋ ሰው ናቸው፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ። እሳቸው ለእንግዳ ነበር ያዘኑት፤ እኔ ግን ለጓደኛዬ ያዘንሁ መስሎኝ ለራሴ ነው ያዘንሁት፤ ቅር እንዳይለው፣ እንዳይጠላኝ። ሐሳቡ ገና በወረቀት ላይ ሳለ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን አንድ ወረቀት ነበር የሚቀደደው። ስላልተናገርሁ ላሜራ ተቆረጠ፤ የኪሳችን ገንዘብ አለቀ፤ ሕፃን እጁን ተቃጠለ፤ አንዲት ትልቅ ሴት በጓሯቸው ተሸማቀቁ። «አይሆንም» በዘገየ ቁጥር ዋጋው ይንራል፤ የሚከፍለውም ዝም ያለው ሰው አይደለም።

አሁን የተቃውሞውን ወገን ልስማ፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ጓደኞቼ አንዱ አጥብቆ ተከራክሮኛል። «እንዲህ ከሆነማ» አለኝ፣ «የኛ መማር ምን ይረባል? ተጠቃሚውን ብቻ ብንሰማ ዓለም እስከ ዛሬ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀር ነበር። የጭሱን ነገር ደግሞ ተመልከት። እትዬ ጭስ መውጫ አልፈልግም፣ ጭስ ተባይ ያባርራል ብለዋል። እሺ እንበላቸው?» ክርክሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ በሚመጣ ሕመም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ የሚጎዱትም በይበልጥ ምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ይህን እያወቅሁ «እትዬ አልፈለጉም» ብዬ ብተወው፣ ያ መስማት ሳይሆን እጅን መታጠብ ይሆናል።

ስለዚህ ተመልሰን ሄድን። ይህን ጊዜ ግን የምናውቀውን ሳንደብቅ ነገርናቸው፤ ጭስ ለሳንባና ለዓይን ምን እንደሚያደርግ፣ ለምን እንደምንጨነቅ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ኋላ ላይ «ልጆቼ፣ ማድ ቤቱ የኔ አይደለም» አሉን። ለካ ተከራይ ናቸው! ቱቦ ለማውጣት ግድግዳ መብሳት ያስፈልጋል፤ ግድግዳ ከተበሳ አከራዩ ያስወጣቸዋል። የተባዩ ነገር ሰበብ ነበር፤ ከሰበቡ በታች ደግሞ ሌላ እፍረት ነበረ፤ ቤት የሌለኝ ነኝ የማለት እፍረት። እኛ በእውቀት ማነስ የቆጠርነው የኪራይ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። «አይሆንም» ትእዛዝ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። «አይሆንም» ያለን ሰው መታዘዝ ግዴታችን ላይሆን ይችላል፤ መልስ መስጠት ግን ግዴታችን ነው። መልስ ለመስጠት ደግሞ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ምክንያት እስክናገኝ መቆፈር አለብን። ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን እንደ እናቱ አዋላጅ ነኝ ያሰኘዋል፤ ሥራውም የተወለደው ሐሳብ እውነተኛ ልጅ ነው ወይስ ባዶ ጥላ ብሎ መመርመር ነው። ይህን አንቀጽ ሳነብ ዘወትር የምመለከተው ሶቅራጥስን ነበር። አሁን ግን ወላዱን አስባለሁ። የመጀመሪያ ልጁን «ጥላ ነው» ተብሎ ሲነጠቅ የማይቆጣ ማን ነው? ጓደኛችን ንድፉን ቀዶ ሲጥል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሐሳብ ማሻሻል ብለን በቀላሉ የምንጠራው ነገር ለባለቤቱ ትንሽ ሐዘን ነው። የሚያሳዝነውን እየፈራን ዝም ስንል ግን ሐዘኑን ለሌላ ሰው እናስተላልፈዋለን።

የመጨረሻው ፈተና ሪፖርቱ ሆነ። ቀኑ ደርሶ ነበር። በቅጹ ላይ ያች ሣጥን አለች፤ «የተጠቃሚ አስተያየት»። ከመካከላችን አንዱ «እትዬ የመጀመሪያ ቀን ያሉትን እንጻፍ፤ በአፋቸው ያሉት ነው፤ ውሸት የለበትም» አለ። እውነቱን ነው፤ ደብተሬ ላይ ቃል በቃል አለ። ፎቶውም አለ። ግን ቃሉ እውነት ሆኖ የሚያሳየው ሥዕል ውሸት ቢሆን ምን ይባላል? እኔ ውሸት ነው አልሁ፤ እንዲያውም የከፋው ዓይነት፤ የትልቅ ሴት ጨዋነት ምስክር ተደርጎ የሚዋሽ ውሸት። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ሁሉንም ጻፍነው፤ ምስጋናቸውን፣ ዶሮዋን፣ ቢላዋውን፣ የአከራዩን ግድግዳ። ነጥቡ መካከለኛ ሆነ፤ «የመጀመሪያው ናሙና ዓላማውን አልመታም» የሚል ማስታወሻም ነበረበት። ልክ ነው፤ አልመታም።

ዛሬ እትዬ ጓሮ አንድ ዝቅ ያለ፣ አፉ ሰፊ፣ ከጭቃና ከጡብ የተሠራ ምድጃ አለ። ቱቦ የለውም፤ የጭሱ መውጫ ወደ በሩ እንዲዞር ተደርጓል። ጭሱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በአዘቦት ቀን ይጋግሩበታል። የበዓል ዋዜማ ትእዛዝ ሲበዛ ግን ጉልቻዎቹን እንደገና ይጎልታሉ፤ ለምን እንደሆነ ገና አልነገሩንም። ሄደን ቁጭ ብለን ማየት ይኖርብናል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት አሁን ሌላ ትርጉም ሰጥቶኛል። ጉልቻውን የለወጠው ሰው ወጡን ካልቀመሰ፣ ወይም የቀመሰችው ሴት «ጨው የለውም» ለማለት ካፈረች፣ መለዋወጡ በእርግጥ ዋጋ የለውም።

ይህ ነገር የምሕንድስና ተማሪዎች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በየሳምንቱ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ይዘን ስንሰበሰብ ምን እንባባላለን? «ግሩም ነው!» የጓደኛችን ስንኝ ቤት ሳይመታ እናጨበጭባለን፤ ጽሑፉ ታትሞ ሰው ሲስቅበት ደግሞ ዞር ብለን አብረን እንስቃለን። ወረቀቱ ገና ሊቀደድ በሚችልበት ሰዓት ብንነጋገር አይሻልም ወይ? አንባቢዬ ሆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የማይሆን መስሎ ከታየህ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥተህ ንገረኝ። ይሉኝታህን አከብራለሁ፤ ግን ለእንግዳ አቆየው።